ማርሹ ለምን አልገባም ይላል? የካምቢዮን ጤና በመዳፍ ማወቅ

ሦስት ትናንሽ መኪኖችን ተራ በተራ የመንዳት ዕድል ያገኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሦስቱም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ የሚሄድ ማርሽ አላቸው፤ አቀማመጡም ከሞላ ጎደል ያው ነው። እጅ ላይ የሚሰማው ነገር ግን ለየቅል ነው። የአንዱ ማርሽ «ቅቤ ነው» ይባልለታል፤ በሁለት ጣት ይገባል። ሁለተኛው የገንፎ ማማሰያ የያዛችሁ ያስመስላል፣ እጀታው ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ ሦስተኛ ላይ ይሁን አምስተኛ ላይ አይታወቅም። ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ «ክርርር» ብሎ ጎረቤት ያስነሳል።

ይህ ልዩነት የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ለሄደ ሰው ግን የብዙ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ካምቢዮ ተከፍቶ የሚሠራ ነገር ነው፤ ለመክፈት ደግሞ ከመኪናው መውረድ አለበት። «ካምቢዮው ይውረድ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከጋራዥ ሲመጣ የባለቤቱ ፊት የሚለዋወጠው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቆጨው፦ ማርሽ አልገባም ካለባቸው ምክንያቶች ውስጥ ብዙዎቹ ካምቢዮው ውስጥ የሉም። የላላ ካቦ፣ ያለቀች ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት፣ በደንብ የማይለቅ ፍሪሲዮን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ሁላችንም ጋ አለ፤ መዳፋችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት ማኑዋል መኪኖች እየተጠገኑ ብዙ ዓመት መሄዳቸው አይቀርምና፣ ይሄን ማወቅ ከበፊቱ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

እስቲ መጀመሪያ እጀታው ከሌላኛው ጫፍ ምን እንደያዘ እንይ።

ካምቢዮ ውስጥ ሁለት ዋና ዘንጎች አሉ እንበል። አንዱ ከሞተር በፍሪሲዮን በኩል የሚመጣው የመግቢያ ዘንግ ነው። ሌላው ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው የመውጫ ዘንግ ነው። በሁለቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች፣ ማለትም ጊሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ማርሽ አንድ ጥንድ። ብዙ ሰው ማርሽ ስንቀይር እነዚህ ጊሮች እየተንሸራተቱ አንዱ ከአንዱ የሚገጣጠሙ ይመስለዋል። በጥንቶቹ መኪኖች እውነትም እንደዛ ነበር። በዛሬዎቹ ግን ወደፊት የሚወስዱት ጥንዶች ሁሉ ሁልጊዜ እንደተገጣጠሙ ነው ያሉት፤ አሁን ቆማችሁ ዜሮ ላይ ሞተር ብታስነሱ እንኳ አብረው ይዞራሉ። ዘዴው ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ጊር ዘንጉ ላይ ሳይያያዝ በነፃ የሚዞር መሆኑ ነው። «ማርሽ አስገባሁ» ማለት ያንን ነፃ ጊር ከዘንጉ ጋር ቆለፍኩት ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ቁልፉ ደግሞ ከዘንጉ ጋር የሚዞር፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ተንሸራታች ቀለበት ነው። ቀለበቱን የሚገፋው ሹካ የሚመስል ብረት ነው፤ ሹካውን የሚገፋው በተከታታይ ዘንጎች ወይም ካቦዎች በኩል የናንተ እጅ ነው። ማርሽ ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ደግሞ በስፕሪንግ የተገፋች ትንሽ የብረት ኳስ ናት። የሹካው ዘንግ ላይ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ኳሷ እዚያ ውስጥ ስትወድቅ እጃችሁ «ቀጭ» የሚል ስሜት ይደርሰዋል። ያ ስሜት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የጎድጓዳውን ጥልቀትና የስፕሪንጉን ጥንካሬ ወረቀት ላይ የወሰነ መሐንዲስ አለ።

የፍጥነት ልዩነት የሚባለው ጣጣ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በሁለተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር እየዞረ ነው እንበል። የሁለተኛ ማርሽ ምጣኔ 1.9፣ የሦስተኛው 1.3 ይሁን፤ ለትናንሽ መኪኖች የተለመዱ ቁጥሮች ናቸው። ሦስተኛ ስታስገቡ የመኪናው ፍጥነት በዚያች ቅጽበት አይለወጥም፤ ስለዚህ የመግቢያው ዘንግ 3,000 በ1.3 ተባዝቶ ለ1.9 ሲካፈል፣ ማለትም ወደ 2,050 ዙር መውረድ አለበት። በሩብ ሰከንድ አካባቢ 950 ዙር ማጣት አለበት ማለት ነው። ካላጣ፣ ተንሸራታቹ ቀለበትና ጊሩ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ጥርስ ለጥርስ ይላተማሉ። «ክርርር» የምትለዋ ድምፅ ይቺ ናት።

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የአንደኛ ምጣኔ 3.5 ቢሆን፣ ከ3,000 ዙር ወደ 1,630 ገደማ መውረድ አለበት፤ ልዩነቱ 1,370 ዙር ነው። በዚያ ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ የመግቢያው ዘንግ ለቁልፉ የበለጠ «ከባድ» ሆኖ ይሰማዋል፣ በምጣኔው ምክንያት። በብዙ አሮጌ መኪኖች ቀድሞ የሚጮኸው ሁለተኛ ማርሽ የሆነበት ምስጢር ይሄው ነው። በከተማ ትራፊክ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ሁለተኛ እንደምናስገባ ስትጨምሩበት ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ድሮ ይህን ፍጥነት የሚያስተካክለው ሾፌሩ ራሱ ነበር። ማርሹን ዜሮ ላይ ያቆማል፣ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ እንደ ሁኔታው ነዳጅ ይሰጣል ወይም ይጠብቃል፣ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጦ ያስገባል። ዕድሜ ጠገብ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን በእግራቸው ብቻ ሳይሆን በጆሯቸው የሚሠሩት ጥበብ ነበር። ለትናንሽ መኪኖች ሥራውን ወደ ማሽኑ ያዛወረው ኧርል ቶምፕሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራው ውጤት የሆነው ሲንክሮናይዘር እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ መኪኖች ላይ ለገበያ ቀረበ።

ሲንክሮናይዘር ስሙ ይከብዳል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። በተንሸራታቹ ቀለበትና በጊሩ መካከል አንድ ቀጭን ቀለበት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከናስ የተሠራ ነው። የውስጥ ጎኑ ሾጣጣ ነው፣ የጊሩም ትከሻ ሾጣጣ ነው። እጀታውን ስትገፉ መጀመሪያ የሚነካኩት ጥርሶቹ አይደሉም፤ እነዚህ ሁለት ሾጣጣዎች ናቸው። ይሰባበቃሉ፤ በሰበቃውም ፈጣኑ ይዘገያል ወይም ዘገምተኛው ይፈጥናል። ማለትም ትንሽ ፍሬን ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ የፍጥነት ልዩነት እስካለ ድረስ የናሱ ቀለበት በትንሹ ዞር ብሎ ተንሸራታቹን ቀለበት መንገድ ይዘጋበታል። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ መንገዱ ይከፈታል። ምንም ኤሌክትሮኒክስ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፤ በር ላይ የቆመ ጠባቂ ነው። ዘበኛው «ቆይ፣ ገና ነው» የሚላችሁ በእጃችሁ ላይ በሚሰማችሁ ተቃውሞ ነው።

ጠባቂው ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በግምት እናስላ። እጀታውን በአራት ኪሎ ክብደት ያህል ገፋችሁት እንበል። እጀታው ረጅም ስለሆነ ጉልበታችሁን ያባዛዋል፤ ስምንት እጥፍ ብንል ሹካው ላይ 32 ኪሎ ይደርሳል። አሁን ሾጣጣው እንደ ሽብልቅ ይሠራል። ማዕዘኑ ስድስት ዲግሪ ተኩል ከሆነ ግፊቱን ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ያበዛዋል፤ ሁለቱ ገጾች በ280 ኪሎ ኃይል ይጣበቃሉ ማለት ነው። ዘይት በነካው ናስና ብረት መካከል ያለው ሰበቃ የዚህን አንድ አሥረኛ ቢሰጠን፣ በዘንጉ ዙሪያ 28 ኪሎ የሚያህል የፍሬን ኃይል አገኘን። ከአራት ኪሎ የእጅ ግፊት! እንጨት በሽብልቅ የፈለጠ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ማዕዘኑን የበለጠ ብናጠበው ኃይሉ ይጨምራል፤ ግን ሾጣጣዎቹ ተነክሰው መላቀቅ ያቅታቸዋል። ብናሰፋው ማርሹ ይከብዳል። በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው እንግዲህ «ቅቤ» የምንለው ስሜት የሚኖረው።

በመዳፍ የሚሰማው ታሪክ

በመኪና አምራቾች ቤተ ሙከራ የማርሽ ስሜት የሚለካው እጀታው ላይ የኃይል መለኪያ በመትከል ነው፤ እያንዳንዷ ሚሊሜትር ላይ ስንት ኒውተን እንደሚያስፈልግ ግራፍ ይሣላል። ያንን ግራፍ በመዳፋችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ቀስ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዜሮ ስትነሱ መጀመሪያ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ኳሷ ከጎድጓዳዋ እየወጣች ነው። ከዚያ እጀታው ለቀቅ ይላል። ቀጥሎ ለስላሳ ግድግዳ ይገጥማችኋል፦ ሾጣጣዎቹ ተያይዘው ፍጥነት እያስተካከሉ ነው። ግድግዳው ድንገት ይቀልጣል፤ ጠባቂው በሩን ከፈተ። አንዳንዴ እዚህ ላይ ሁለተኛ፣ ትንሽ እብጠት ትሰማላችሁ፤ የቀለበቱና የጊሩ ጥርሶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው በሹል ጫፋቸው እየተጋፉ መንገድ ሲሰጣጡ ነው። በመጨረሻም «ቀጭ»።

ጥሩ ካምቢዮ ማለት እነዚህ ደረጃዎች የሌሉበት ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ምንም ተቃውሞ የሌለው ማርሽ የት እንደገባ አይነግራችሁም፤ ገንፎ ይሆናል። ጥሩ የሚባለው ደረጃዎቹ በየተራ፣ ሳይደበላለቁ፣ ሁልጊዜም በተመሳሳይ ቦታ ሲሰሙ ነው። እኔ አንድን ካምቢዮ ስገመግም ከክብደቱ ይልቅ ይህን እመለከታለሁ፤ ከበድ ያለ ግን ግልጽ ማርሽ ከቀላልና ድብቅ ማርሽ ይሻላል።

አሁን ደግሞ በእጃችሁና በካምቢዮው መካከል ያለው መንገድ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁሉም ሰው ዓይን የለመዳቸውን ሦስት መኪኖች እንውሰድ፤ ላዳ፣ ቮልስና ቪትዝ።

ላዳ መሠረቷ የጣሊያኗ ፊያት 124 ናት። ሞተሯ ከፊት ነው፣ ካምቢዮው ከኋላው ተከትሎ በሾፌሩና በጎኑ ባለው ሰው መካከል ይገኛል፤ የማርሽ እጀታውም ቀጥታ ካምቢዮው ራስ ላይ ተተክሏል። በመካከል ምንም የለም። ለዚህ ነው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ውስጥ ጋቢና የተቀመጠ ሰው እጀታው ከሞተሩ ጋር አብሮ ሲንቀጠቀጥ የሚያየው። ድምፁም መንቀጥቀጡም በቀጥታ ይመጣል፤ መልእክቱም እንዲሁ። የእስፖርት መኪና ወዳጆች የሚያደንቋት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እጀታዋ የተተከለው በዚሁ መንገድ ነው ብላችሁ ለላዳ ነጂ ብትነግሩት ደስ ሳይለው አይቀርም።

ቮልስ የዚህ ተቃራኒ ናት። ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ ናቸው፣ እጀታው ከፊት። ስለዚህ በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ረጅም ዘንግ ያልፋል። ያ ዘንግ ወደ ፊት በኩል በአንዲት ትንሽ ማቀፊያ ቀለበት ውስጥ ይንሸራተታል፣ ከኋላ ደግሞ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ አለ። ቀለበቷ ስታልቅ ወይም መጋጠሚያው ሲላላ የሁለት ሚሊሜትር ልቅነት እጀታው ጫፍ ላይ የጣት ስፋት ይሆናል። «የቮልስ ማርሽ ፈልጎ ማግኘት ነው» የሚባለው ቀልድ መነሻው እዚህ ነው፤ ካምቢዮው ግን በአብዛኛው ምንም አልሆነም። (ለማታውቁት፦ የቮልስ ኋላ ማርሽ የሚገባው እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራና ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቮልስ አቁሞ መውጫ ሲያጣ ማየት የተለመደ ነው።)

ቪትዝና የዛሬዎቹ ትናንሽ መኪኖች አብዛኞቹ ሞተራቸው ከፊት በአግድም የተቀመጠ፣ የፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጎን ተለጥፏል፤ እጀታው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። የሚያገናኛቸው ሁለት ካቦ ነው። አንዱ ግራና ቀኝ የምናደርገውን ምርጫ ይወስዳል፣ ሌላው ወደፊትና ወደኋላ የምንገፋውን። ካቦ መንቀጥቀጥ ስለማያስተላልፍ እጀታው ጸጥ ይላል። ዋጋውም አለው፦ ካቦ ራሱ ሰበቃ አለው፣ ትንሽም ይለጠጣል፣ ጫፉ ላይ ያሉት የፕላስቲክና የጎማ ማያያዣዎች በሙቀትና በዕድሜ ያልቃሉ። እነሱ ሲያልቁ ያቺው ገንፎ ትመጣለች።

ስለዚህ «የዚህ መኪና ማርሽ ይጠላል» ከማለት በፊት የትኛው ዓይነት መንገድ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ላዳ ላይ የሚንቀጠቀጥ እጀታ ጤነኛ ነው፤ ቪትዝ ላይ ግን ሞተሩን የያዙት ጎማዎች እንዳለቁ ሊናገር ይችላል።

ሻጩ ሳይነዳላችሁ እናንተ ሞክሩት

መኪና ስታዩ ከምታውቁት መንጃ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ሂዱ፣ ሜዳ መሬት ምረጡ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከተቻለ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ። አዲስ አበባ ጠዋት ላይ እንደምታውቁት ይበርዳል፤ የካምቢዮ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሾጣጣዎቹ መካከል ያለውን ዘይት ገፍቶ ለማስወጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ማርሹም ይከብዳል። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ቢለሰልስ ጤናማ ነው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ካቆየው ግን የደከመ ሲንክሮናይዘር በደንብ ሊደበቅ ይችላል።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገቡ። ከዚያ ዜሮ ላይ ሆናችሁ እጀታውን ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ በስፕሪንግ ተገፍቶ ወደ ሦስተኛና አራተኛ መካከል ራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ ከሆነ ችግሩ ከካምቢዮው ውጭ ያለው መንገድ ላይ ነው፤ ካቦ፣ ማያያዣ፣ ቀለበት። ደስ ይበላችሁ፣ ይሄ ርካሹ ነው። ሞተር ጠፍቶ አንድ ማርሽ ጫፉ ላይ ደርሶ አልገባም ቢል አትደንግጡ፤ ጥርስ ለጥርስ ተገናኝተው ነው። ፍሪሲዮን ለቃችሁ መልሳችሁ ረግጣችሁ ስትሞክሩ ወይም መኪናውን ትንሽ ስትገፉት ይገባል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ያንኑ ድገሙ። ወሳኙ ንጽጽር ይሄ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ገብቶ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም ከከበደ፣ ካምቢዮውን አትጠርጥሩ። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው፣ ሥራውም ያው ነው፦ የሞተሩን መሽከርከር በሰበቃ ወደ ካምቢዮ ማሻገር፣ ሲረገጥ ደግሞ ማቋረጥ። ማቋረጡ ጎዶሎ ከሆነ ሞተሩ የመግቢያውን ዘንግ ማዞሩን አይተውም፤ ምስኪኑ የናስ ቀለበት ከሞተር ጋር ግብ ግብ ይገጥማል፣ ሁልጊዜም ይሸነፋል። ማረጋገጫው ኋላ ማርሽ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሦስት አራት ሰከንድ ጠብቁና ኋላ አስገቡ። በጤናማ ፍሪሲዮን የመግቢያው ዘንግ በዚያች ጊዜ ይቆማል፣ ያለ ድምፅ ይገባል። ጠብቃችሁም ከጮኸ ዘንጉ አልቆመም ማለት ነው። ጥገናው እንደ መኪናው ይለያያል፤ እንደ ቮልስ በካቦ የሚሠራ ከሆነ ካቦውን ማስተካከል ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ፓምፑንና ውስጡ አየር መግባቱን ማየት ነው። መጥፎው ዕድል የፍሪሲዮኑ ክፍል ራሱ መበላቱ ነው፤ ያኔም ቢሆን ካምቢዮው የሚወርደው ለፍሪሲዮኑ ሲባል እንጂ ሊከፈት አይደለም፣ ሒሳቡም እንደዚያው ሊለያይ ይገባል።

ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ወጥታችሁ መንዳት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ማርሽ ለብቻው ፈትኑ። ሦስተኛ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ ወደ ሁለተኛ መልሱ፤ ሳትጎትቱ፣ ሳትቸኩሉ፣ በተለመደው ፍጥነት። አንድ ማርሽ ብቻ ከጮኸ፣ ሌሎቹ ካልጮኹ፣ የዚያ ማርሽ የናስ ቀለበት ተበልቷል። ይሄ የውስጥ ችግር ነው፣ ዋጋ ስትደራደሩ ልታነሱት ይገባል። እዚህ ላይ ሻጩ ራሱ ሲነዳ የእጁን ፍጥነት ተመልከቱ። የመኪናውን ጠባይ የለመደ ሰው ሁለተኛ ላይ ሳያውቀው ቆም ይላል፣ ወይም ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረግጣል። ይሄ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ ልማድ ነው። ግን በሽታውን ይደብቃል።

ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ስትለቁ እጀታው ራሱ ወደ ዜሮ የሚዘል ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ወይ ጥርሶቹ ጠርዛቸው ተበልቶ እርስ በርስ መያዝ አቅቷቸዋል፣ ወይ ሹካው ተበልቷል፣ ወይ ኳሷን የሚገፋው ስፕሪንግ ደክሟል፤ አንዳንዴ ሞተሩን የያዙት ጎማዎች ስላለቁ ሞተሩ ሲወዛወዝ ካቦውን ይጎትተዋል። የመጨረሻው ከሁሉ የሚቀለው ስለሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። በቁልቁለት፣ ለምሳሌ ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ መኪናውን የያዘላችሁ ማርሽ በድንገት ወደ ዜሮ ቢዘል ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ዓይነት መኪና ሳይጠገን ረጅም መንገድ መውጣት የለበትም።

ጆሮም ይረዳል። ዜሮ ላይ ሞተሩ እየሠራ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ የሚሰማ ጉርምርምታ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ስትረግጡ ብቻ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ዘይት፣ ከፍታና የእጅ ልማድ

የካምቢዮ ዘይት ጉዳይ ከሚገባው በላይ ይናቃል። ሲንክሮናይዘር እንግዳ ፍላጎት ያለው ዕቃ ነው፦ ጊሮቹ እንዳይበሉ የሚያንሸራትት ዘይት ይፈልጋሉ፣ የናሱ ቀለበት ግን ሰበቃ ያስፈልገዋል። ዘይቱ ሁለቱንም ማስታረቅ አለበት። ብዙ ማኑዋል ካምቢዮዎች ጂኤል-4 የሚባለውን ደረጃ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ጂኤል-5 ከፍ ያለ ቁጥር ስላለው የተሻለ ይመስላል፤ እሱ ግን በዋናነት የተዘጋጀው ለዲፈረንሻል ነው፣ በውስጡ ያሉት የድኝና የፎስፈረስ ውሁዶችም በአንዳንድ ዘይቶች ላይ ናስን ሊጎዱ ይችላሉ። «ከፍ ያለውን ጨምርበት» ከሚል ምክር ይልቅ የመኪናው መመሪያ የሚለውን መስማት ያዋጣል። ዘይቱ ሲቀየር የወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፤ ወርቃማ ብልጭታ ካያችሁ ናስ ነው፣ ከየት እንደመጣ ደግሞ አሁን ታውቃላችሁ።

ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አንድ ሊትር ሞተርም አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላ አገር በሦስተኛ የሚወጣውን ዳገት እዚህ በሁለተኛ እንወጣዋለን፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ በአንደኛ። ያ ማለት በሄድንበት ኪሎ ሜትር ሁሉ ማርሽ ብዙ ጊዜ ይቀየራል። ሁለት መኪኖች እኩል ኪሎ ሜትር ቢያስቆጥሩም፣ አንዷ ጠፍጣፋ አገር ሌላዋ እዚህ ከኖረች፣ የሁለተኛ ማርሻቸው ዕድሜ እኩል አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ይሄን አይነግራችሁም፣ እጀታው ግን ይነግራችኋል።

አንድ ልማድ ጠቅሼ ላብቃ፣ ብዙ ሰው ላይ ስለማየው። ትራፊክ ውስጥ እጁን እጀታው ላይ አሳርፎ የሚቆይ ሾፌር አለ፤ ሲያዩት ዘና ያለ ይመስላል። የእጁ ክብደት በዚያው ማባዣ በኩል ሹካው ላይ ይደርሳል። ሹካው ቆሞ ነው፣ የሚገፋው ቀለበት ደግሞ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር እየዞረ ነው። ሁለቱ እንዲነካኩ የታሰበው ማርሽ በሚቀየርባት ሩብ ሰከንድ ብቻ ነበር።